ማንኪያው ስለ ገዘፈ ብቻ ጥበብ ሆነ ወይ? ስለ ክሌስ ኦልደንበርግ እና ኮሼ ቫን ብሩገን የአደባባይ ሥራዎች

ጥያቄ፦ «ሚኒሶታ የሚኖሩት ልጆቼ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ወደሚገኝ መናፈሻ ወስደውኝ፣ ኩሬ ላይ የተጋደመ እጅግ ትልቅ ማንኪያና ጫፉ ላይ የተቀመጠች ቼሪ የምትባል ቀይ ፍሬ አሳዩኝ። የታወቀ የጥበብ ሥራ ነው ሲሉኝ አልተቀበልኳቸውም። እኛም አገር ካፌ በሩ ላይ ትልቅ ጀበና ያቆማል፤ ነገር ግን ባለቤቱን ቀራጺ ብሎ የሚጠራው የለም። አንድን የቤት ዕቃ ማግዘፍ እንዴት ጥበብ ይሆናል? ለእንዲህ ያለውስ ነገር ገንዘቡን የሚያወጣው ማን ነው?»

ምላሽ፦

አጭሩ መልሴ፣ ማግዘፍ ብቻውን አንድን ዕቃ ጥበብ አያደርገውም የሚል ነው፤ በዚህ ነጥብ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። የማልስማማው፣ ያዩት ማንኪያ ከትልቅነቱ በቀር ሌላ ነገር የለውም በሚለው ግምትዎ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ጉዳዩን የሚወስነው የተመረጠው ዕቃ የቱ እንደ ሆነ፣ በምን አኳኋን እንደ ተቀመጠና ከሁሉም በላይ ከምን ነገር ፊት ለፊት እንደ ቆመ ነው። ይህንን በደረቁ ከምናገር ጥቂት ሥራዎችን ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንኪያውን የሠሩት ክሌስ ኦልደንበርግ እና ባለቤቱ ኮሼ ቫን ብሩገን ናቸው። ኦልደንበርግ በ1929 ስቶክሆልም ተወልዶ፣ ዲፕሎማት የነበረው አባቱ የስዊድን ቆንስል ሆኖ በተመደበባት በቺካጎ አደገ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ከተማረና ቺካጎ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ በዜና ዘጋቢነት ከሠራ በኋላ በ1956 ኒውዮርክ ገባ። የከተማዋ የሥነ ጥበብ ዓለም በዚያን ጊዜ የሚያደንቀው የሚታወቅ ነገር የማይታይበትን፣ የሠዓሊውን የውስጥ ስሜት በቀለም ምት የሚገልጸውን ረቂቅ ሥዕል ነበር። ኦልደንበርግ ግን ዓይኑን ወደ ሰፈሩ ርካሽ ሱቆች መለሰና፣ በ1961 መጨረሻ በማንሃተን ምሥራቅ 2ኛ መንገድ ላይ ራሱ ሱቅ ከፈተ፤ ስሙንም «ዘ ስቶር» አለው። በሽቦ ወንፊት ላይ ጀሶ የተነከረ ጨርቅ እያለበሰ ሸሚዝ፣ ጫማ፣ ኬክና የሥጋ ብልት ሠራ፤ ደርቆ ሲጠነክርም ለቤት ዕቃ የሚሆን አንጸባራቂ ቀለም ቀባው፤ የተንጠባጠበውንም ቀለም ሳይጠርግ እንዳለ ተወው። እነዚህ ዕቃዎች በእርግጥ ይሸጡ ነበር። ነገር ግን ሸሚዙ አይለበስም፣ ኬኩም አይበላም። የእርስዎን ጥያቄ በተመለከተ ከሁሉም የሚጠቅመን ይህ ነው፤ ማስታወቂያ ዕቃውን የሚያሳምረው እንድንገዛው ነው፣ ኦልደንበርግ ግን ከዕቃው ላይ ጥቅሙን ገፍፎ ቅርጹን ብቻ ይሰጠናል፤ መጠቀም የማንችለውን ነገር ደግሞ ከማየት ሌላ የምናደርገው የለም።

በ1962 ግሪን ጋለሪ በተባለ የኒውዮርክ ማሳያ ከሸራ የተሰፉና በስፖንጅ የተሞሉ ሥራዎቹን አቀረበ፤ ከእነዚህ አንዱ ወለል ላይ የተቀመጠ፣ ወርዱ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ሀምበርገር ነው። የስፌቱን ሥራ የሠራችው የመጀመሪያ ባለቤቱ ፓቲ ሙቻ ነበረች። ስለ ኦልደንበርግ ሲወራ ስሟ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል እዚህ ላይ ማንሳቱ ተገቢ ይመስለኛል። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ለከተሞች የታሰቡ፣ ሊሠሩ የማይችሉ ግዙፍ ሐውልቶችን በወረቀት ላይ ይነድፍ ጀመር፤ ለለንደን ያሰበው፣ በቴምስ ወንዝ ላይ ተንሳፎ ከውኃው ሙላትና ጉድለት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ኳስ ነበር። የማግዘፍ ሱስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በ1967 ያደረገውን አያደርግም ነበር። በዚያ ዓመት የኒውዮርክ ከተማ ባዘጋጀው የአደባባይ ቅርጻ ቅርጽ ዝግጅት ላይ እንዲሳተፍ ሲጋበዝ፣ በሴንትራል ፓርክ ከሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጀርባ መቃብር ቆፋሪዎች ቀጥሮ የመቃብር መጠን ያለው ጉድጓድ አስቆፈረና በዚያው ቀን መልሶ አስደፈነው። ሐውልቱ ያ ነበር። የቬትናም ጦርነት በሚካሄድበት ዓመት፣ ምንም ያልቆመበት ምድር የአስከሬን ማረፊያ የሚያህል ጉድጓድ መሆኑ ብቻ በቂ ንግግር ነበር።

ተሠርቶ የቆመው የመጀመሪያው የአደባባይ ግዙፍ ሥራው የመጣው በ1969 ሲሆን፣ ያዘዙት የዬል ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ነበሩ። ቁመቱ 7 ሜትር የሚደርስ ሊፕስቲክ በታንክ ሰንሰለት ላይ ቆሞ፣ ያለ ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ግቢው መካከል ወደሚገኘው አደባባይ ገባ። በዚያ አደባባይ አንድ ወገን ላይ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለሞቱት የቆመ መታሰቢያና የጦር ሜዳዎች ስም የተቀረጸባቸው ዓምዶች አሉ። ሊፕስቲኩ ከእነርሱ ፊት ቆሞ ሲታይ ሚሳይል ይመስላል፤ ታንኩ በበኩሉ የመዋቢያ ዕቃ የተሸከመ መጫወቻ ይመስላል። ቀዩ ጫፍ መጀመሪያ በአየር የሚነፋ ፕላስቲክ ነበር፤ ንግግር ማድረግ የፈለገ ሰው ነፍቶ እንዲያቆመውና የሰው ዓይን እንዲስብበት የታሰበ ነው። አየሩ እያመለጠ ስላስቸገረ በብረት ተተካ። ከእንጨት የተሠራው ሰንሰለትም ዝናብ እያበላሸው፣ ተማሪዎችም ወረቀት እየለጠፉበትና እየጻፉበት በ1970 ተነሥቶ ተወሰደ፤ በ1974 በጠንካራ ቁሳቁስ እንደ ገና ተሠርቶ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በሞርስ ኮሌጅ ቅጥር ግቢ ቆመ። አሁን የሚያየው ሰው ከጦርነቱ መታሰቢያ ጋር አያገናኘውም፤ በእኔ ግምት ቦታውን በመልቀቁ ኃይሉን ግማሽ ያህል አጥቷል።

ቦታ ምን እንደሚሠራ በግልጽ የሚታየው ግን ፊላደልፊያ ውስጥ በ1976 በቆመው የልብስ መቆንጠጫ ላይ ነው። ቁመቱ 13.7 ሜትር ነው፤ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ማዶ፣ የምድር ውስጥ ባቡር መግቢያው አጠገብ ይገኛል። ማዘጋጃ ቤቱ በቅርጻ ቅርጽ የተሞላ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንጻ ሲሆን፣ በማማው ጫፍ ላይ የፔንሲልቬንያ መሥራች የዊልያም ፔን የነሐስ ሐውልት ቆሟል። በፈረስ ላይ ወይም በከፍታ ላይ የቆመ ታላቅ ሰውን የለመደ ዓይን (የእኛም ዓይን የለመደው አዲስ አበባ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት የመሰለውን ነው) ከማማው ላይ ወርዶ እታች ከመቆንጠጫው ጋር ሲገናኝ ግራ ይጋባል፤ ግራ መጋባቱ የታሰበበት ነው። ማንም ታላቅ ሰው ያልሆነ፣ በየቤቱ ገመድ ላይ የሚውል ዕቃ እንደ መሥራች አባት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጠጋ ብለው ሲያዩት ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጣል። ሁለቱ የመቆንጠጫ ክንፎች እታች እንደ እግር ተለያይተው፣ ከወገባቸው በላይ ተጠጋግተው፣ ጫፋቸው ላይ ይገናኛሉ፤ መካከላቸውን የሚያስረው ሞላ ደግሞ የተቃቀፉ ሰዎች ክንድ ይመስላል። ኦልደንበርግ ራሱ ከሩማኒያዊው ቀራጺ ከብራንኩሲ «መሳሳም» ጋር አነጻጽሮታል። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተጣብቀው የሚታዩበት የዚያ ሥራ አንዱ ቅጂ የሚገኘው በዚያችው ከተማ በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። የሞላው አጠማዘዝ በአንድ ወገን 7 እና 6 ቁጥሮችን ይመስላል፤ ሥራው የቆመው አሜሪካ ነጻነቷን በፊላደልፊያ ያወጀችበት 200ኛ ዓመት በሚከበርበት በ1976 ስለ ሆነ ከተማው ይህን ወዲያው አነበበው። ክንፎቹ የተሠሩበት ኮርተን የሚባለው ብረት ላዩ ዝጎ ዝገቱ ራሱ የውስጡን ብረት የሚጠብቅ ስለ ሆነ፣ ቀለም ሳይቀባ ቡናማ ሆኖ ይኖራል፤ ሞላው ግን ከማይዝግ ብረት ተሠርቶ ያበራል። ይህን ሁሉ ከዕቃው መጠን ጋር ብቻ ማያያዝ አይቻልም። ያንኑ መቆንጠጫ በዚያው ቁመት አንድ የሳሙና ፋብሪካ በር ላይ ቢያቆሙት ስለ ልብስ ከመናገር አያልፍም።

አሁን ወደ እርስዎ ማንኪያ ልምጣ። ኦልደንበርግን የማንኪያ ሐሳብ የያዘው ከ1962 ጀምሮ ነው፤ በሰው ሠራሽ ቸኮሌት ላይ የተጋደመ የማንኪያ ጌጥ አግኝቶ ያስቀምጠው ነበር። ሐሳቡ የተለወጠው ግን ከቫን ብሩገን ጋር መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። በ1942 ኔዘርላንድስ ውስጥ በግሮኒንገን የተወለደችው ቫን ብሩገን የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነበረች፤ አብረው ሲሠሩ የመጀመሪያው፣ እዚያው ኔዘርላንድስ በሚገኘው በክሮለር ሙለር ሙዚየም የቆመው ግዙፍ የአትክልተኛ እጅ አካፋ ነው። በ1971 በብርማ ቀለም ቆሞ የነበረው ያ አካፋ በ1976 እንደ ገና ሲሠራ፣ የሆላንድ ሠራተኞች የሚለብሱትን የሥራ ቱታ ሰማያዊ እንዲቀባ ያደረገችው እርሷ ናት። በ1977 ተጋቡ፤ ከዚያ በኋላ ከ40 በላይ ሥራዎችን በሁለቱም ስም ፈርመዋል። ስለዚህ «ኦልደንበርግ የሠራው ማንኪያ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግማሹን ሠሪ ያስቀራል፤ ቼሪዋ የእርሷ ሐሳብ ናትና።

መናፈሻውን የነደፈው አርክቴክት ኤድዋርድ ላራቢ ባርንስ በቀጥታ መንገዶችና በአራት ማዕዘን አጥሮች ከፋፍሎታል። ይህ ሥርዓት ለቫን ብሩገን የቬርሳይን ቤተ መንግሥትና በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ዘመን የነበረውን ጥብቅ የገበታ ወግ አስታወሳት፤ ለዚያ ወግ የሰጠችው ምላሽ ማንኪያው ጫፍ ላይ ልትንከባለል የደረሰች አንዲት ቼሪ ነበረች። ማንኪያው 15.8 ሜትር ርዝመት አለው፤ ክብደቱ 2,600 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን ቼሪዋ ብቻዋን ከ540 ኪሎ ግራም በላይ ትመዝናለች። የማንኪያው ጎድጓዳ ጫፍ፣ ማለትም ጭልፋው፣ ከውኃው በላይ ብድግ ያለበት መንገድ የመርከብ አፍንጫን ይመስላል፤ የሠሩትም ኒው ኢንግላንድ ውስጥ ጀልባ የሚገነቡ ሁለት ወርክሾፖች ናቸው፤ ስስ የብረት ቆዳን በሁለት አቅጣጫ ማጉበጥ የእነርሱ የዕለት ሥራ ስለ ነበር። ኩሬው የሊንደን ዛፍ ፍሬ ቅርጽ እንዲኖረው ተደርጓል፤ ዛፎቹ በመናፈሻው መንገዶች ግራና ቀኝ ተተክለዋል። ከቼሪዋ እንጨት ሥር የሚፈሰው ውኃ ቆዳዋን ሁልጊዜ እርጥብና አንጸባራቂ ያደርጋታል፤ ከእንጨቱ ጫፍ ደግሞ ጭጋግ የመሰለ ደቃቅ ውኃ ይረጫል። በሚኒሶታ ክረምት ውኃው ተዘግቶ በረዶ ጭልፋውን ሲሞላው ቼሪዋ አይስክሬም ላይ የተቀመጠች ትመስላለች። ልጆችዎ እንደ ገና ከወሰዱዎ፣ የከተማው ሕንጻዎችና የቅድስት ማርያም ባዚሊካ ከማንኪያው በስተኋላ በሚታዩበት ወገን ይቁሙ፤ ማንኪያው ድልድይ ሆኖ ወደ እነርሱ የሚያሻግር መስሎ ይታያል።

ሥራ ከቦታው ሲነቀል ምን እንደሚሆን ለማየት ክሊቭላንድ ያለውን ግዙፍ የእጅ ማህተም መመልከት ይበቃል። ያዘዘው የኦሃዮ ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ነበር፤ በዋና መሥሪያ ቤቱ ፊት ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ «ነጻ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቀረጸበት የታችኛው ፊቱም ከመሬት ጋር ተጣብቆ እንዳይታይ ታስቦ ነበር። በዚያ አካባቢ ለአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ ስላለ ቃሉ ከባሪያዎች ነጻ መውጣት ጋርም ይያያዝ ነበር። ኩባንያው በ1987 ሙሉ በሙሉ በብሪቲሽ ፔትሮሊየም እጅ ሲገባ አዲሶቹ ኃላፊዎች ማህተሙን አልፈለጉትም፤ ለዓመታት በመጋዘን ተቀመጠ፤ በመጨረሻም ለከተማው ተሰጥቶ በ1991 በዊላርድ ፓርክ ተተከለ። ሠሪዎቹ እዚያ ወስደው እንደ ነበረ ሊያቆሙት አልፈቀዱም። ከመሥሪያ ቤቱ ፎቅ አንድ ግዙፍ እጅ አንሥቶ የወረወረው ይመስል በጎኑ አስተኙት፤ ተሰውሮ የነበረው ቃልም ማህተም ላይ እንደሚሆነው ሁሉ ተገልብጦ ለሕዝብ ታየ። ያዘዘው ድርጅት እንደ ጣለው የማህተሙ አተኛኘት ይናገራል። እኔ ከሁሉም ሥራዎቻቸው የማስበልጠው ይህን ነው።

ስለ ጀበናው ያነሡት ንጽጽር እንግዲህ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። የካፌው ጀበና ዓላማው ግልጽ ነው፤ እዚህ ቡና አለ ይላል፤ ካፌው ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወር ጀበናውም አብሮ ሄዶ ያንኑ ይናገራል። መቆንጠጫው ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ማህተሙም ከመሥሪያ ቤቱ ተለይቶ እንዲህ አይዘዋወርም። ይሁንና ድንበሩ ሁልጊዜ የጠራ አይደለም፤ ጥርጣሬዎ ፈጽሞ መሠረት የለውም ብዬ ማለፍም አልችልም። በ2001 ጀርመን ውስጥ በኮሎኝ ከተማ አንድ የገበያ ማዕከል ጣሪያ ላይ ተደፍቶ የቀለጠ የአይስክሬም ኮን ሠርተዋል። ሹሉ ጫፍ ወደ ሰማይ መቀሰሩ ከከተማዋ የአብያተ ክርስቲያናት ሾጣጣ ማማዎች ጋር እንዲነጻጸር ታስቦ ነው፤ ንጽጽሩም አስቂኝና ብልህ ነው። ነገር ግን ከሥሩ የሚገባና የሚወጣው ሸማች የሚያየው የሱቅ ምልክት ነው፤ ሥራው ከሚስቀው ንግድ ጋር ከመጠን በላይ ተስማምቶ ተቀምጧል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በቬኒስ ሰፈር በ1991 ከአርክቴክቱ ከፍራንክ ጌሪ ጋር የሠሩት ግዙፍ ባይኖኩላር (የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለ ሁለት ቱቦ መነጽር) ደግሞ የተተከለው ለማስታወቂያ ድርጅት በተሠራ ሕንጻ ላይ ነው፤ ግን መኪናዎች ወደ ጋራዥ የሚገቡት በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ስለ ሆነ፣ ማየት የለመድንበት ዕቃ መተላለፊያ በር ሆኖ የራሱን ሥራ ይሠራል። በ2006 ሴኡል ውስጥ በቾንግጌቾን ወንዝ መነሻ ላይ የቆመው 20 ሜትር የሚደርስ ባለ ቀለም ቀንድ አውጣ መሰል ቅርጽ ግን ከወንዙና ከከተማው ታሪክ ጋር ምን አገናኘው ተብሎ በኮሪያ ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ ትችቱ ልክ ነው ባይ ነኝ።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ መልስ የለም። የፊላደልፊያ የመልሶ ማልማት ባለሥልጣን በሚያስተላልፈው መሬት ላይ የሚገነባ ባለሀብት ከግንባታው ወጪ ቢያንስ 1 በመቶውን ለሥነ ጥበብ እንዲያውል ከ1959 ጀምሮ ግዴታ አለበት፤ መቆንጠጫው የቆመው በዚህ መንገድ ነው። የሚኒያፖሊሱን ማንኪያ በዚያችው ከተማ የተወለደው የጥበብ ሥራዎች ሰብሳቢ ፍሬድሪክ ዋይዝማን ለወላጆቹ መታሰቢያ እንዲሆን በስጦታ ሰጠ። ቺካጎ ውስጥ በ1977 የቆመው የቤዝቦል ዱላ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት የተከፈለ ነው፤ መንግሥት ለሚያሠራቸው ሕንጻዎች ሥነ ጥበብ የሚያዝበት ፕሮግራም አለ። የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለዱላ ወጣ ተብሎ በጊዜው ብዙ ተወቅሷል። 30 ሜትር ያህል ቁመትና 20 ቶን ክብደት ያለው ይህ ዱላ ድፍን አይደለም፤ 24 ቋሚ ብረቶች በ1,608 አገናኝ ብረቶች ተሳስረው የተሠራ ጥልፍልፍ ስለ ሆነ የከተማዋ ነፋስ በውስጡ ያልፋል። ኦልደንበርግ ያደገባት ቺካጎ በብረት ድልድዮቿና በፋብሪካ ጭስ ማውጫዎቿ የምትታወቅ ናት፤ ዱላው ከሩቅ ዓምድ፣ ከቅርብ የድልድይ አጥንት የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከመነሻው ወጪ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው የጥገናው ወጪ ነው። ቫን ብሩገን በ2009፣ ኦልደንበርግም በ2022 በ93 ዓመቱ አርፈዋል፤ ሥራዎቹ ግን በፀሐይና በበረዶ ሥር ቀለማቸው እየደበዘዘ በየጊዜው መጠገን አለባቸው። የሚኒያፖሊሷ ቼሪ በ2021 መገባደጃ ከማንኪያው ላይ ተነቅላ፣ አሮጌው ቀለም ተፍቆ እንደ ገና ተቀብታ በ2022 ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። እንዲህ ያለ ሥራ ለማሠራት የሚያስብ ማንኛውም ከተማ ወይም ድርጅት ከቀራጺው ጋር ሲዋዋል የቀለሙን ዓይነትና ቁጥር፣ የሚታደስበትን ጊዜ፣ የእድሳቱንም ከፋይ ገና ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።